የዲስከቨሪ ጋርደንስ አረንጓዴ ስፍራዎች፦ መናፈሻ ወይስ የግቢ ጌጥ?

ዲስከቨሪ ጋርደንስ በዱባይ ደቡብ ምዕራብ፣ ከሼክ ዛይድ ጎዳና ወደ በረሃው ገባ ብሎ፣ ከኢብን ባቱታ የገበያ ማዕከል ጀርባ የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ናኪል የተባለው የመንግሥት የሪል እስቴት አልሚ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገንብቶታል። በ291 ሕንጻዎች ውስጥ ከ26,000 በላይ አፓርትመንቶች አሉት፤ አብዛኞቹም ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ ናቸው። በአንድ ቤት ሁለት ሰው ብቻ ይኖራል ተብሎ ቢሰላ እንኳ የነዋሪው ብዛት ከ50,000 ያልፋል። ይህን ያህል ሕዝብ የሚኖርበት ሰፈር ሲሸጥም ሲከራይም የኖረው በሕንጻዎቹ መካከል ባሉት አትክልቶችና ሣሮች ነው።

ስለ ሰፈሩ አረንጓዴ ስፍራዎች የሚነሳው ክርክር በሦስት ጥያቄዎች ላይ ያርፋል። የመጀመሪያው ስለ መጠን ነው፤ አረንጓዴው ለነዋሪው ብዛት ይበቃል ወይ? ሁለተኛው ስለ ዓይነት ነው፤ ሣር፣ ዘምባባና ጥላ የሚሰጥ ዛፍ እኩል ይቆጠራሉ ወይ? ሦስተኛው ስለ መብት ነው፤ ስፍራው የማን ነው፣ ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው፣ የሚጠቀምበትስ ማን ነው? ከሦስቱ የመጀመሪያው ብዙ ይነሳል፤ ነገር ግን ሌሎቹ ሁለቱ ሳይመለሱ እርሱም አይመለስም። በዚህ ዳሰሳ የተጠቀሱት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥያቄው አመጣጥ

መኖሪያን ከአትክልት ጋር አንድ ላይ የማቀድ ሐሳብ በዘመናዊ መልኩ የተነሳው በእንግሊዝ ነው። ኢቤኔዘር ሃዋርድ በ1898 ያቀረበው የአትክልት ከተማ ሐሳብ ሁለት ነገሮችን ያጣመረ ነበር። አንደኛው፣ በእርሻና በሜዳ የተከበበ፣ መጠኑ የተወሰነ ከተማ ነው። ሁለተኛው የመሬት ባለቤትነት ነው፤ መሬቱ የነዋሪው የጋራ ንብረት ሆኖ ከኪራይ የሚገኘው ገቢ ለነዋሪው ጥቅም ይመለሳል። በ1903 የተጀመረችው ሌችዎርዝ የዚህ ሐሳብ የመጀመሪያ ፍሬ ናት። ሐሳቡ ወደ ሌሎች አገሮች ሲሻገር አትክልቱ ተወሰደ፤ የጋራ ባለቤትነቱ ግን በአብዛኛው ቀረ። በ1929 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የተጀመረው የራድበርን ሰፈር ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረ። ቤቶቹ ፊታቸውን ወደ ጋራ ሜዳ አዞሩ፣ መኪናው በጀርባ በኩል እንዲመጣ ተደረገ። ሕንጻዎቹ ወደ ጋራ ግቢ የሚመለከቱበት የዲስከቨሪ ጋርደንስ አሠራር፣ ቅርጹ ሲታይ ከዚህ ቤተሰብ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን ከዚህ በፊት የኖረ ሌላ የአትክልት ትውፊት አለ። በአል ዓይን የሚገኙት፣ በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ስፍራዎች መካከል ያሉት ኦሲሶች ለዚህ ምስክር ናቸው። በኦሲስ ውስጥ ተክል በደርብ ይተከላል። ከላይ ተምር፣ ከሥሩ የፍራፍሬ ዛፍ፣ ከምድር አጠገብ የከብት መኖና አትክልት ይበቅላሉ፤ ውሃው ፈለጅ በሚባል ቦይ በየተራ ይከፋፈላል። እዚያ ጥላ የእርሻው መሠረት ነው። የላይኛው ዛፍ ካልከለለው የታችኛው ተክል ይደርቃል። በክርክሩ ውስጥ የኦሲስ ሞዴል ደጋግሞ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ዱባይ ዘመናዊ የከተማ ፕላን ያገኘችው በ1960 በእንግሊዛዊው አርክቴክት በጆን ሃሪስ አማካይነት ነበር፤ ሃሪስ በ1971 ሁለተኛ ፕላን አዘጋጀ። በ1975 የተከፈተው ሳፋ ፓርክ፣ በ1994 የተከፈተው ክሪክ ፓርክና በ2005 የተከፈተው ዛቢል ፓርክ የማዘጋጃ ቤቱ ሥራዎች ናቸው። ሳፋ ፓርክ ከ2013 ጀምሮ በተቆፈረው የዱባይ የውሃ ቦይ ምክንያት ከስፋቱ ከፊሉን አጥቷል። በ2002 ለውጭ ዜጎች የቤት ሽያጭ ሲፈቀድ፣ በ2006 በወጣው ሕግ ቁጥር 7 ደግሞ የንብረት ምዝገባው ሕጋዊ መልክ ሲይዝ፣ ሰፈር የማልማቱ ሥራ ከነአረንጓዴው ወደ አልሚ ኩባንያዎች ዞረ። ዲስከቨሪ ጋርደንስ የተወለደው በዚህ ማዕበል ነው። ከነዋሪዎች ጋር ርክክቡ የተካሄደውም የዱባይ የንብረት ገበያ ጣራ በነካበትና ተከትሎም በወደቀበት በ2000ዎቹ ማብቂያ ነበር።

ስድስት ገጽታ በአንድ ሰፈር

ሰፈሩ በስድስት ገጽታዎች ተከፋፍሏል፦ ዜን፣ ሜዲትራኒያን፣ ኮንቴምፖራሪ፣ ሜሶአሜሪካን፣ ካክተስና ሞጉል። ገጽታዎቹ በሕንጻዎቹ ቀለምና ጌጥ፣ እንዲሁም በግቢው አትክልት አቀማመጥ እንዲለዩ ታስቦ ነበር። እያንዳንዱ ስም የራሱ ታሪክ ካለው የአትክልት ጥበብ ጋር የተያያዘ ነው። የሞጉል ነገሥታት አትክልት ቦታውን በውሃ ቦዮች አራት ቦታ ይከፍላል፤ ውሃና ጥላም ነፍሱ ናቸው። የዜን ገዳማት አትክልት ከድንጋይ፣ ከጠጠርና በመንሽ ከተሰመረ አሸዋ ይሠራል፤ ያለ ውሃም ይሟላል። የሜዲትራኒያን አገር አትክልት ደረቅ በጋን በሚችሉ እንደ ወይራ ባሉ ተክሎች ላይ ይቆማል። የካክተስ፣ ማለትም የቁልቋል፣ አትክልት ደግሞ ድርቅን መነሻው ያደርጋል።

እዚህ ላይ ዲዛይን አጥኚዎች የሚያነሱት ነጥብ አለ። ከስድስቱ ገጽታዎች ቢያንስ ሦስቱ፣ ዜን፣ ሜዲትራኒያንና ካክተስ፣ የደረቅ አትክልት ትምህርት የያዙ ናቸው። በትክክል ቢተረጎሙ ኖሮ ለዱባይ አየር የተስማሙ በሆኑ ነበር። በተግባር ግን በአብዛኛው ግቢ የሚታየው ያው የከተማዋ የተለመደ ድርደራ ነው፤ የሣር ምንጣፍ፣ በጠርዙ የተከረከመ ቁጥቋጦ፣ በየርቀቱ የቆመ ዘምባባና የቡጋንቪላ አበባ። ቡናማ የጠብታ መስኖ ቱቦዎች በቁጥቋጦዎቹ ሥር ተጋድመው ይታያሉ፤ ቱቦው በተቀደደበት ሣሩ ይጨቀያል፣ በተደፈነበት በቀናት ውስጥ ይገረጣል። በሌላ በኩል ለሰፈሩ የሚከራከሩ ወገኖች ተመሳሳይነቱን እንደ ጉድለት አያዩትም። በዝቅተኛና በመካከለኛ ኪራይ ለሚኖር ሕዝብ፣ በየመስኮቱ ፊት ለፊት አረንጓዴ ማቅረብ በራሱ ትልቅ ነገር ነው ይላሉ። በሌሎች ተመሳሳይ ዋጋ ባላቸው የከተማዋ ሰፈሮች መስኮት የሚከፈተው ወደ ጎረቤት ግድግዳ ወይም ወደ መኪና ማቆሚያ መሆኑን ያስታውሳሉ።

አራት ዓይነት አረንጓዴ

በክርክሩ ውስጥ ብዙ አለመግባባት የሚፈጠረው አራት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው።

የመጀመሪያው የጌጥ አረንጓዴ ነው። በመንገድ አካፋይ፣ በአደባባይ ጠርዝና በሕንጻ ግድግዳ ሥር የሚተከለው ሣርና አበባ ከዚህ ይመደባል፤ ሰው አይቀመጥበትም፣ ለዓይን ብቻ ነው። ሁለተኛው የግቢ አረንጓዴ ሲሆን፣ በሕንጻዎች መካከል ሆኖ በዋናነት የሚያገለግለው ግቢውን የሚጋሩትን ሰዎች ነው። ሦስተኛው የሕዝብ መናፈሻ ነው፤ ማንም ገብቶ ሊቀመጥ፣ ልጅ ሊያጫውት፣ ሊሮጥ መብት ያለው ስፍራ። አራተኛው መተላለፊያ አረንጓዴ ነው፤ በዛፍ ጥላ ሥር ከቤት ወደ ሱቅ፣ ወደ ባቡር ጣቢያ ወይም ወደ ሌላ ሰፈር የሚያደርስ የእግር መንገድ።

ዲስከቨሪ ጋርደንስ በሁለተኛው ዓይነት ሀብታም ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ግን ብዙ ይቀረዋል። ለትልቅ መናፈሻ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ሌሎች ክፍሎች መጓዝ አለበት። በየቤቱ በር ላይ አረንጓዴ እያለ መናፈሻ የለም የሚል ቅሬታ ሊሰማ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም አባባሎች እውነት ናቸው።

መለኪያዎቹም በዚህ ልዩነት ላይ ይወሰናሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት የከተማ ነዋሪ ቢያንስ ከ0.5 እስከ 1 ሄክታር የሚሰፋ የሕዝብ አረንጓዴ ስፍራ በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲያገኝ ይመክራል። በ2021 ሴሲል ኮኔይኔንዳይክ ያቀረበው የ3፣ 30፣ 300 መርሕ ደግሞ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። ከእያንዳንዱ ቤት ቢያንስ 3 ዛፎች ይታዩ፤ የሰፈሩ 30 ከመቶ በዛፍ ቅጠል ይሸፈን፤ የቅርቡ መናፈሻ ከ300 ሜትር አይራቅ። ይህ መርሕ በዲስከቨሪ ጋርደንስ ላይ ሲዘረጋ ውጤቱ ይለያያል። የመጀመሪያውን መስፈርት ብዙው ቤት ያሟላል፤ ግቢዎቹ የተሠሩት ለዚህ ነው። ሦስተኛው ግቢው እንደ መናፈሻ ይቆጠር አይቆጠር በሚለው ላይ ይንጠለጠላል። ከሁሉም የሚከብደው ሁለተኛው ነው፤ ሣር ጣራ አይሆንም፣ ዘምባባም የሚጥለው ጥላ ጠባብ ነው። ስለዚህ ከአየር ላይ በተነሳ ፎቶ አረንጓዴ መስሎ የሚታይ ሰፈር፣ በእግር ለሚሄድ ሰው ፀሐይ የሚወርድበት ሜዳ ሊሆን ይችላል።

ባለቤትነትና ወጪ

ግቢዎቹ የሕዝብ መሬት ሳይሆኑ የጋራ መገልገያ ናቸው። በዱባይ ይህን ጉዳይ መጀመሪያ የገዛው የ2007 ሕግ ቁጥር 27 ነበር፤ እርሱም የቤት ባለቤቶች ማኅበር ተቋቁሞ የጋራ ንብረቱን እንዲያስተዳድር ያስብ ነበር። በ2019 የወጣው ሕግ ቁጥር 6 ይህን ተክቶ አስተዳደሩን በፕሮጀክት ዓይነት ለያየው። በትልልቅ ፕሮጀክቶች አልሚው ራሱ የጋራ መገልገያውን ያስተዳድራል። በሌሎች ደግሞ የሪል እስቴት ተቆጣጣሪው ሬራ የሚመርጠው አስተዳዳሪ ድርጅት ይሾማል። ባለቤቶቹ በኮሚቴ ይወከላሉ፤ የኮሚቴው ሥልጣን ግን በአብዛኛው ከምክርና ከክትትል አያልፍም። ናኪል በበኩሉ በማርች 2024 በተሰጠ ውሳኔ ሜይዳን ከተባለው ሌላ አልሚ ጋር ዱባይ ሆልዲንግ በተባለው ኩባንያ ሥር ተጠቃሏል።

ወጪውን በሰርቪስ ቻርጅ መልክ የሚከፍለው የቤቱ ባለቤት ነው። ውሃው፣ የአትክልተኛው ደመወዝ፣ የተሰበረ ቱቦ ጥገና፣ ሁሉም ከዚያ ይሸፈናሉ። ተከራዩ ይህን የሚከፍለው በተዘዋዋሪ፣ በኪራዩ ውስጥ ነው፤ በሕጉ የተዋቀረው ኮሚቴ ውስጥ ግን ወንበር የለውም። ግቢው ውስጥ በየቀኑ የሚኖረው ተከራይ ሆኖ፣ ስለ ግቢው የሚጠየቀው ምናልባት ሌላ አገር የሚኖር ባለቤት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት አቋሞች አሉ። የመጀመሪያው የአልሚው አስተዳደር ይሻላል ይላል። ማኅበር በተበታተነ ባለቤት ሊሠራ አይችልም፤ አንድ ኩባንያ ግን ብዙ ግቢዎችን በአንድ ደረጃ ይንከባከባል፣ ውሃ በጅምላ ይገዛል፣ ባለሙያ ይቀጥራል። ሁለተኛው አቋም፣ ውሳኔ ከተጠቃሚው ሲርቅ ስፍራው ወደ ጌጥነት ያዘነብላል ይላል። አስተዳዳሪው የሚመዘነው በንጽሕናና በወጪ እንጂ ሰው በተቀመጠበት ሰዓት ብዛት አይደለም፤ ስለዚህ አግዳሚ ወንበር ከመጨመር አበባ መቀየር ይቀለዋል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። በሁለቱ መካከል ፍርድ ለመስጠት የሚረዳው፣ ተከራይ በመዋቅሩ ውስጥ ድምፅ ቢያገኝ ምን ይለወጥ ነበር የሚለው፣ እስካሁን በተግባር አልተፈተነም።

ውሃው ከየት ይመጣል

የዱባይ ዓመታዊ ዝናብ በአማካይ ከ100 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ በበጋ ደግሞ የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሻገራል። ስለዚህ በሰፈሩ ያለ እያንዳንዱ ቅጠል የሚኖረው በመስኖ ነው። በሞቃቱ ወራት ከምድርና ከቅጠል የሚተነው ውሃ በቀን እስከ 10 ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል። አንድ ሚሊሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነውና፣ ስፋቱ 1,000 ካሬ ሜትር የሆነ የሣር ግቢ በእንዲህ ያለው ቀን 10,000 ሊትር ገደማ ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው።

የከተማዋ የመጠጥ ውሃ በአብዛኛው ከጨዋማ ባሕር ተጣርቶ የሚገኝ፣ ብዙ ኃይል የሚበላ ነው። ለአትክልት ይህን መጠቀም ስለማያዋጣ ዱባይ የተጣራ የፍሳሽ ውሃ ትጠቀማለች። ፍሳሹ በአል አዊርና በጀበል አሊ ማጣሪያዎች ታክሞ በተለየ መስመር ወደ መናፈሻና ወደ መንገድ ዳር ይመለሳል። የማዘጋጃ ቤቱ ዓላማ በ2030 የታከመውን ውሃ ሙሉ በሙሉ መልሶ መጠቀም ነው። የዚህ አካሄድ ደጋፊዎች፣ ከሰፈሩ የወጣው ፍሳሽ ወደ አትክልት ሲመለስ አረንጓዴው እንደ ቅንጦት ሊቆጠር አይገባም ይላሉ።

ተቃራኒው ክርክር ሦስት ነጥቦች አሉት። አንደኛ፣ የታከመ ውሃም ዋጋ አለው፤ ለማጣራትና ለመግፋት ኃይል ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ መጠኑ በሕዝቡ ብዛት የተወሰነ ስለሆነ ለአንድ ሰፈር ሣር የሄደው ለሌላ ሰፈር ዛፍ አይደርስም። ሦስተኛ፣ ይህ ውሃ ከፍ ያለ ጨው ይይዛል፤ ውሃው ሲተን ጨው በአፈሩ ላይ ይቀራል። በባሕር ዳርቻው አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃው ራሱ ጨዋማ በመሆኑ፣ አፈሩን ለማጠብ ተጨማሪ ውሃ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄው ውሃው ከየት መጣ ከሚለው አልፎ፣ በአንድ ሊትር ውሃ ምን ተገኘ ወደሚለው ይሸጋገራል።

ምን ይተከል

በተክል ምርጫ ላይ ያለው ክርክር ብዙ ጊዜ የአገር በቀልና የመጤ ክርክር ሆኖ ይቀርባል። የአገር በቀል ወገን ምሳሌው ጋፍ ነው። ጋፍ የኤምሬትስ ብሔራዊ ዛፍ ሲሆን፣ ሥሩን ወደ ጥልቅ ምድር ሰድዶ በጥቂት ውሃ ይኖራል፣ አድጎም ሰፊ ጥላ ይሰጣል። በአገራችን ቆላማ አካባቢዎች ጋባ ወይም ቁርቁራ የሚባለው፣ አረቦች ሲድር የሚሉት ዛፍም ከዚህ ወገን ነው። የእነዚህ ድክመት እድገታቸው ነው፤ ሰፈር ሸጦ በጥቂት ዓመት ለሚያስረክብ አልሚ ቀርፋፋ ናቸው።

ከፈጣኖቹ መካከል በጣም የተስፋፋው ዳማስ ይባላል። የትውልድ አገሩ የሶማሊያ፣ የጅቡቲና የየመን ዳርቻ ነው፤ ጨውና ሙቀት ይችላል፣ በጥቂት ዓመት አረንጓዴ ግድግዳ ይሆናል። ነገር ግን ውሃ ፍለጋ የሚሮጠው ሥሩ የውሃና የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ስለሚገባና ንጣፍ ስለሚያነሳ በባሕረ ሰላጤው ከተሞች ተወቅሷል። ኒምና በአማርኛ የድሬዳዋ ዛፍ የሚባለው ባለ ቀይ አበባ ዛፍም በዱባይ ጎዳናዎች በብዛት አሉ፤ ሁለቱም ጥላቸው ሰፊ ነው። ድሬዳዋን የሚያውቅ አንባቢ እነዚህ ዛፎች በሞቃት ከተማ መንገድ ላይ የሚሰጡትን አገልግሎት አይስተውም። ተምር ደግሞ በባህልም በውበትም የተከበረ ቢሆንም ረድፍ ሙሉ አንድ ዓይነት ዛፍ መትከል አደጋ አለው፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ኤምሬትስ የገባው ቀይ የዘምባባ ጥንዚዛ ግንዱን ከውስጥ እየበላ ብዙ ዛፍ ጥሏል።

ስለዚህ አገር በቀል ወይስ መጤ የሚለው ክፍፍል ብቻውን አያዋጣም። ለግቢ የሚበጀውን ዛፍ ለመምረጥ አራት ነገሮች አብረው መታየት አለባቸው፦ የሚፈልገው ውሃ፣ የሚጥለው ጥላ፣ የሥሩ ጠባይና ለማደግ የሚወስደው ዘመን።

ጥላና ሙቀት

አረንጓዴ ስፍራ ከተማን ያቀዘቅዛል የሚለው አባባል ዝርዝር ይፈልጋል። ዳያና ባውለርና ባልደረቦቿ በ2010 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ገምግመው፣ መናፈሻ በቀን በአማካይ ከአካባቢው በ0.94 ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ አሳይተዋል። ይህ የአየር ሙቀት ልዩነት ትንሽ ነው። ሰው በቆዳው የሚሰማው ሙቀት ግን ከአየሩ ይልቅ በሚያርፍበት ጨረር ይወሰናል፤ ለዚህም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አየር ውስጥ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ መውጣት ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ለዲስከቨሪ ጋርደንስ በጣም ቅርብ የሆነው ማስረጃ ከኔጌቭ በረሃ የተገኘ ነው። በ2009 የታተመው የሻሹዋ-ባር፣ የፐርልሙተርና የኤሬል ጥናት፣ በሕንጻ በተከበቡ ሁለት ተመሳሳይ ግቢዎች ውስጥ ሣርን፣ ዛፍንና የጨርቅ መረብ ጥላን በተለያየ ጥምረት አነጻጸረ። ዛፍና ሣር አብረው ሲሆኑ የቀኑ የአየር ሙቀት እስከ 2.5 ዲግሪ ቀነሰ። ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ሣር ብቻውን ሲሆን ማቀዝቀዙ ጥቂት፣ የውሃ ፍላጎቱ ግን ከሁሉም የበለጠ ሆነ። ያው ሣር በጥላ ሥር ሲሆን የሚፈጀው ውሃ ከግማሽ በላይ ወረደ። ትርጉሙ ግልጽ ነው። በበረሃ ግቢ ውስጥ ዛፍና ሣር ተፎካካሪ አይደሉም፤ ዛፉ ለሣሩ ጣራ ነው። ከዚህ አንጻር፣ ከላይ የተጠቀሰው የኦሲስ ደርብ አተካከል በመለኪያ የተረጋገጠ ዕውቀት ሆኖ ይገኛል።

አንድ ገደብ ግን መታወቅ አለበት። ዱባይ ከኔጌቭ ተራራማ በረሃ በተለየ የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ በበጋ አየሩ በእርጥበት ይሞላል። እርጥበት በበዛበት ከቅጠል የሚተነው ውሃ የማቀዝቀዝ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ላብም አይደርቅም። ስለዚህ በዱባይ ከትነቱ ይልቅ ጥላውና ንፋስ የሚያሳልፈው ክፍተት የበለጠ ይመዝናሉ። ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ግቢውን ሲዘጋ ንፋሱን ሊያግድ ይችላል።

ጤናና ማኅበራዊ ኑሮ

በጤና ረገድ የሚጠቀሱት ጥናቶች የታወቁ ናቸው። ሮጀር ኡልሪክ በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዛፍ የሚታይበት መስኮት ያገኙ ሕሙማን ግድግዳ ከሚታያቸው ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል። ሪቻርድ ሚቼልና ፍራንክ ፖፓም በ2008 በእንግሊዝ ሕዝብ ላይ ባደረጉት ጥናት ደግሞ፣ በሀብታምና በድሃ መካከል ያለው የጤና ልዩነት አረንጓዴ በበዛባቸው አካባቢዎች ጠበብ ብሎ ተገኝቷል። የመጀመሪያው ግኝት የጌጥ አረንጓዴንም ጥቅም ያስረዳል፤ ማየት ብቻ ይጠቅማልና። ሁለተኛው ግን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች አረንጓዴ ስፍራ ይበልጥ ወሳኝ መሆኑን ያመለክታል። ሁለቱም የተገኙት በቀዝቃዛ አገር ስለሆነ፣ ለአራትና አምስት ወራት በቀን ወደ ውጭ መውጣት ለሚከብድበት አገር በቀጥታ ሊወሰዱ አይገባም።

በዱባይ የውጭ ኑሮ በወቅት ይከፈላል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ግቢዎቹ ከቀትር በኋላ በልጆችና በወላጆች ይሞላሉ። በበጋ ግን ሕይወቱ ወደ ምሽት ይሸሻል፤ የመንገድ መብራት፣ የመቀመጫና የንፋስ ጉዳይ ከሣሩ በላይ ይሆናል። ለአትክልተኛው ደግሞ ሌላ ነው። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ሰዓት በፀሐይ ሥር መሥራት በሕግ የተከለከለ ነው። ይህ ክልከላ፣ አንዱ ለመዝናናት የሚያስበው ስፍራ ለሌላው ሠራተኛ የሙቀት አደጋ ያለበት የሥራ ቦታ መሆኑን ያሳያል።

ጄን ጄኮብስ በ1961 እንደጻፈችው፣ የሰፈር መናፈሻ የሚኖረው ዙሪያው በተለያየ ሰዓት የተለያዩ ሰዎችን የሚያመጣ ሲሆን ነው። ዲስከቨሪ ጋርደንስ በአብዛኛው መኖሪያ ብቻ ነው፤ ጠዋት ሰዉ ወደ ሥራ ሲወጣ ግቢዎቹ ባዶ ይሆናሉ። በሳምንቱ መጨረሻ ግን ሁኔታው ይለወጣል። በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የእረፍት ቀን ከክፍያ ጋር አረጋግጧል፤ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች የሚገኙበት ይህ የሠራተኛ ወገን በዕረፍት ቀኑ የሚቀመጥበት፣ ከአገሩ ልጆች ጋር የሚገናኝበት ነጻ ስፍራ ይሻል። የግቢ አረንጓዴ ነዋሪ ላልሆነ ሰው የታሰበ አይደለም፤ የሕዝብ መናፈሻ ግን ይህን ጥያቄ ይመልሳል። ለዚህ ነው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የፍትሕ ጉዳይም የሚሆነው።

ከአዲስ አበባ ጋር ሲነጻጸር

የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ንጽጽር ይሰጣሉ። የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የተገነቡት ከዲስከቨሪ ጋርደንስ ጋር በተቀራረበ ዘመን ነው፤ ሕጋዊ መሠረታቸውም በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሲሆን፣ ይህ አዋጅ በሕንጻዎቹ መካከል ያለውን ቦታ የባለቤቶቹ የጋራ መገልገያ አድርጎ በማኅበር እንዲተዳደር ደንግጓል። በዱባይ የ2019ኙ ሕግ አስተዳደሩን ወደ ኩባንያ ሲያዞር፣ በአዲስ አበባ ማኅበሩ ቀጠለ። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው። በዲስከቨሪ ጋርደንስ ግቢው ተከርክሞ የተጠበቀ ቢሆንም የነዋሪው እጅ የለበትም። በጀሞ ወይም በየካ አባዶ ግን አንዱ ግቢ ጎመንና ጽጌረዳ ሲተከልበት፣ ለቅሶና ሠርግ ድንኳን ሲጣልበት፣ ሌላው ወደ አቧራማ መኪና ማቆሚያ ተለውጦ ይታያል። መኪና በዲስከቨሪ ጋርደንስም ጫና ያሳድራል፤ የማቆሚያ እጥረት የቆየ የሰፈሩ ችግር ነው።

የውሃው ሁኔታ ሁለቱን ከተሞች ይለያቸዋል። አዲስ አበባ ከዱባይ ከአሥር እጥፍ በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ያለ መስኖም ዛፍ ይበቅላል። የኢትዮጵያ የከተማ ፕላን አሠራር ከመሬቱ 30 ከመቶውን ለመንገድ፣ 30 ከመቶውን ለአረንጓዴና ለጋራ ስፍራ፣ 40 ከመቶውን ለግንባታ ይመድባል። ይህ ቁጥር በመጠን ረገድ ለጋስ ነው። በ2019 የተከፈተው አንድነት ፓርክና በ2020 የተከፈቱት የወዳጅነትና የእንጦጦ ፓርኮች ደግሞ ትልልቅ የመዳረሻ ስፍራዎች ናቸው። ሆኖም ከሰፈር ርቀው የሚገኙና አንዳንዶቹም የመግቢያ ክፍያ ያላቸው በመሆናቸው፣ በየዕለቱ በእግር የሚደረስበትን የሰፈር መናፈሻ አይተኩም። ዱባይም በዛቢል ፓርክ የምታስከፍለው አነስተኛ ገንዘብ ነው፤ ከዲስከቨሪ ጋርደንስ እዚያ ለመድረስ ግን የጉዞ ወጪና ጊዜ ይጨመርበታል።

የ2040 ዕቅድና የዛሬው ክርክር

በማርች 2021 ይፋ የሆነው የዱባይ 2040 ዕቅድ፣ የከተማዋ ሕዝብ በ2020 ከነበረበት 3.3 ሚሊዮን በ2040 ወደ 5.8 ሚሊዮን ያድጋል ብሎ ይነሳል። የአረንጓዴና የመዝናኛ ስፍራዎችን ስፋት እጥፍ ለማድረግ፣ ከኤምሬቱ 60 ከመቶ የሚሆነውን ለተፈጥሮ ጥበቃና ለገጠራማ አካባቢ ለመተው፣ 55 ከመቶ ሕዝብም ከዋና የትራንስፖርት ጣቢያ በ800 ሜትር ውስጥ እንዲኖር ያቅዳል። ሰፈሩ ሲሠራ የከተማዋ ጠርዝ ነበር። አሁን ግን በዕቅዱ ከተመረጡት አምስት የከተማ ማዕከላት በሁለቱ፣ በማሪናና በኤክስፖ፣ መካከል ይገኛል። በጃንዋሪ 2021 ለሕዝብ የተከፈተው የዲስከቨሪ ጋርደንስ ሜትሮ ጣቢያም 15 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የሩት 2020 መስመር ላይ ነው። ጠርዝ የነበረው ሰፈር ወደ መሃል መግባቱ በአረንጓዴው ላይ የሚኖረው ተጽዕኖ በሁለት መንገድ ይገመታል። አንዳንዶች የመሬቱ ዋጋ ሲያድግ ክፍት ቦታ ይጠባል ብለው ይሰጋሉ። ሌሎች ደግሞ ጣቢያው መኪናን ቀንሶ፣ የማቆሚያ ቦታዎችን ለዛፍ ሊያስለቅቅ ይችላል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። በዲሴምበር 2024 የወጣው፣ 6,500 ኪሎ ሜትር የእግረኛ መንገድ የሚያቅደው የዱባይ ዎክ ፕሮግራም ከላይ የተጠቀሰውን መተላለፊያ አረንጓዴ ወደ ክርክሩ መሃል አምጥቶታል።

በአፕሪል 16 ቀን 2024 የጣለው ዝናብ ሌላ ምዕራፍ ከፈተ። በአንድ ቀን ከአንድ ዓመት በላይ የሚጠበቀው ዝናብ ወረደ፤ ብዙ የዱባይ ሰፈሮች ተጥለቀለቁ። መንግሥት በጁን 2024 ተስሪፍ የተባለውን የ30 ቢሊዮን ድርሃም የውሃ ማፋሰሻ ፕሮጀክት አጽድቆ በ2033 እንዲጠናቀቅ አቅዷል። ይህ በቱቦና በዋሻ ላይ የቆመ መልስ ነው። ከጎኑ የሚቀርበው ሐሳብ፣ ግቢዎችን ከመንገዱ ዝቅ አድርጎ መሥራት፣ ጎርፉም መጀመሪያ ወደ አፈሩ እንዲገባ ማድረግ ነው። የሰፈሩ ግቢዎች ለዚህ በስፋታቸው ይመቻሉ፤ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ በቀረበበት ቦታ ግን አፈሩ የሚጠጣው ውሃ የተወሰነ ነው።

ያልተቋጩ ነጥቦች

ከዳሰሳው የሚወጡ አራት ጥያቄዎች ገና መልስ ይጠብቃሉ። አንደኛ፣ የግቢ አረንጓዴ በመናፈሻ መለኪያ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር? ከተቆጠረ ሰፈሩ ከብዙ የዱባይ ሰፈሮች ይቀድማል፤ ካልተቆጠረ ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ሣሩ በጥላ ዛፍ ቢተካ ይሻላል ወይ፣ ነዋሪውስ ይቀበለው ይሆን? ለብዙ ሰው የሣር ምንጣፍ የሰፈር ደረጃ ምልክት ሆኗል፤ ዛፉም እስኪያድግ ድረስ ግቢው ለዓመታት ራቁቱን ይታያል። ሦስተኛ፣ የተከራይ ድምፅ በምን መንገድ ወደ አስተዳደሩ ይግባ? አራተኛ፣ በሰፈሩ ውስጥ ወይም በአጠገቡ ለማንም ክፍት የሆነ የሕዝብ መናፈሻ ቢሠራ፣ መሬቱንና ወጪውን አልሚው ይሸከም ወይስ ማዘጋጃ ቤቱ?

ማስረጃው በሚያስኬደው መጠን ሲታይ፣ ከአራቱ ሁለተኛው ይበልጥ ወደ መልስ የቀረበ ነው። በሞቃትና ደረቅ ግቢ ውስጥ ጥላ የሚጥል ዛፍ በአንድ ሊትር ውሃ ከሣር የበለጠ ምቾት እንደሚሰጥ ተለክቷል። የቀሩት ሦስቱ ግን በመለኪያ የሚፈቱ አይደሉም፤ የሕግና የውሳኔ ጉዳዮች ናቸው። አረንጓዴው በካሬ ሜትር ብቻ እስከተቆጠረ ድረስ ዲስከቨሪ ጋርደንስ በቂ አለው ሊባል ይችላል። በጥላው ስፋትና በተጠቃሚው መብት ሲለካ ግን ሥራው ገና ብዙ ይቀረዋል።